ረቡዕ፣ ቀኖና እና የተመላሾች መንገድ

ረቡዕን ለምን ትጾማለህ ተብሎ የተጠየቀ ኦርቶዶክሳዊ ምእመን ብዙ አያስብም። የአይሁድ አለቆች በጌታ ላይ የመከሩበት፣ ይሁዳም በ30 ብር ሊያስይዘው የተዋዋለበት ቀን ነው ይላል። ዓርብ የስቅለቱ ነው፤ ረቡዕ የምክሩ። ከበዓለ ሃምሳ በቀር ዓመቱን ሙሉ፣ ወደ 45 በሚጠጉ ረቡዖች፣ ጿሚው ከእህል ከውሃ የሚታቀበው አንድ ወዳጅ ወዳጁን የሸጠበትን ድርድር ለማሰብ ነው። ለምደነው እንጂ ነገሩ እንግዳ ነው። ሰው ድሉን፣ ልደቱን፣ ሰማዕቱን በቀን ወስኖ ያስባል። ከራሱ ማዕድ የተነሣ አንድ ሰው የፈጸመውን ክህደት በየሳምንቱ እንዲያስታውስ ቀን ቆርጦ መስጠት ግን ሌላ ጉዳይ ነው፤ ማብራሪያ ይፈልጋል።

ይህ ጽሑፍ የሚሟገትለት ነጥብ የረቡዕ ጾም ከምክንያቱ ይቀድማል የሚል ነው። ጾሙ መጀመሪያ በጽሑፍ ሲታዘዝ የይሁዳ ስም አብሮት አልነበረም። ምክንያቱ ጎልቶ የተጻፈው ከ100 ዓመት በላይ ቆይቶ፣ ክርስቲያን በፍርሃት እምነቱን በሚክድበትና ወንድሙን አሳልፎ በሚሰጥበት ዘመን ነው። በዚያ ዘመን ከሐዲ ማለት ጎረቤት፣ የክርስትና አባት፣ አንዳንዴም ጳጳስ ነበር። ስለዚህ ክህደትና መዳን በክርስትና ምን ማለት እንደሆነ ካስተማሩት ነገሮች አንዱና ዋነኛው፣ ክዶ ተመልሶ የቤተ ክርስቲያን ደጅ ላይ የቆመውን ሰው ምን እናድርገው የሚለው የየአጥቢያው ጥያቄ ነው ባይ ነኝ። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ማስረጃው ከዲዳኬ ይጀምራል። በ1ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ወይም በ2ኛው መጀመሪያ እንደተጻፈች የሚታመነው ይህች ትንሽ የሥርዓት መጽሐፍ ምእመናን ረቡዕና ዓርብ እንዲጾሙ ታዛለች። የምትሰጠው ምክንያት ግን ግብዞች ሰኞና ሐሙስ ስለሚጾሙ ከእነርሱ መለየት ይገባል የሚል ብቻ ነው። ይሁዳ የለበትም፤ ምክሩም 30 ብሩም አልተነሡም። በሰሙነ ሕማማት ከይሁዳ መሳም ጋር የሚያያዘው ስዕመትን መተውም እንዲሁ ነው። በ200 ገደማ በሰሜን አፍሪካ በቅርጣግና የጻፈው ጠርጡልያኖስ፣ ክርስቲያኖች ከጸሎት በኋላ የሚለዋወጡትን የሰላም ስዕመት በፋሲካ ጾም ቀን ሁሉም በአንድነት እንደሚተዉት ይመሰክራል። እኛ በሰሙነ ሕማማት የምናውቀው ልማድ ቅድመ አያት መሆኑ ነው። እርሱም ቢሆን ስለ ይሁዳ መሳም አያነሣም፤ ጉዳዩ ለእርሱ የጾም ሥርዓት ነው። በ3ኛው ክፍለ ዘመን በሶርያ በተጻፈው ዲድስቅልያ ግን ረቡዕ ከይሁዳ ነገር ጋር ተያይዞ እናገኘዋለን። በ4ኛው መጀመሪያ ደግሞ የእስክንድርያው ሊቀ ጳጳስ ጴጥሮስ ስለ ፋሲካ በጻፈው ቃል፣ ረቡዕ የሚጾመው ጌታን አሳልፎ ለመስጠት ስለ ተመከረበት፣ ዓርብም ስለ እኛ መከራ ስለ ተቀበለበት ነው ብሎ ነገሩን ቁርጥ አደረገው። በዲዳኬና በዚህ ጴጥሮስ መካከል ምን ሆነ?

መጀመሪያ ዳክዮስ መጣ። በ249 ዙፋን የያዘው ይህ የሮም ንጉሠ ነገሥት፣ የግዛቱ ነዋሪ ሁሉ ለአማልክት እንዲሠዋ፣ ስለ መሠዋቱም የምስክር ወረቀት እንዲይዝ አዘዘ። ከወረቀቶቹ ከ40 በላይ የሚሆኑት በግብፅ አሸዋ ተቀብረው ቆይተው ተገኝተዋል። ሲነበቡ ለቀበሌ የተጻፈ ማመልከቻ ይመስላሉ፦ የአመልካቹ ስም፣ የአባት ስም፣ የመንደሩ ስም፣ አንዳንዴ ዕድሜና በገላ ላይ ያለ ጠባሳ፤ ከዚያ ሁልጊዜም ለአማልክት ስሠዋ ኖሬአለሁ፣ አሁንም በፊታችሁ ሠውቻለሁ፣ ከመሥዋዕቱም ቀምሻለሁ የሚል ቃል፤ በመጨረሻ የሹማምንቱ ፊርማ። ክህደት በዚያ ዓመት ቅጽ ነበራት ማለት ነው። ሠውተው ወረቀቱን የያዙ ክርስቲያኖች ነበሩ፤ ሳይሠዉ በጉቦ የገዙትም ነበሩ። የእስክንድርያው ጳጳስ ዲዮናስዮስ፣ ታዋቂ ምእመናን ስማቸው ተጠርቶ ወደ መሠዊያው ሲቀርቡ እንዴት ገርጥተው ይንቀጠቀጡ እንደነበር፣ ሌሎቹ ደግሞ ክርስቲያን ሆነን አናውቅም እያሉ ሲሽቀዳደሙ እንደታዩ ጽፏል።

ደብዳቤውን የታሪክ ጸሐፊው አውሳብዮስ አቆይቶልናል፤ በውስጡም ሰራጵዮን ስለሚባል ሽማግሌ ይነገራል። ብዙ ዘመን በመልካም የኖረ ምእመን ነው፤ በስደቱ ጊዜ ሠዋ። ከዚያ በኋላ ይቅርታ ደጋግሞ ቢለምን የሚሰማው አላገኘም። ታመመ፤ ሦስት ቀን አንደበቱ ተዘጋ። በአራተኛው ቀን ጥቂት ሲነቃ የልጁን ልጅ ጠርቶ ቄሱን እንዲያመጣለት ላከው። ሌሊት ነበር፤ ቄሱም ታሞ ተኝቷል። ነገር ግን ለሞት የቀረቡ፣ ይልቁንም አስቀድመው የለመኑ ከሆነ፣ በተስፋ እንዲሰናበቱ ይሰጣቸው ብሎ ዲዮናስዮስ አዝዞ ነበርና፣ ቄሱ ከቅዱስ ቁርባኑ ጥቂት ቆርሶ ለልጁ ሰጠው፤ በውሃ አርሶም በሽማግሌው አፍ እንዲያንጠባጥብለት ነገረው። ልጁ እንደተባለው አደረገ። ሽማግሌው ያችን ዋጠ፣ ወዲያውም ዐረፈ። ዲዮናስዮስ ይህን የጻፈው ለአንጾኪያው ጳጳስ ለፋብዮስ ነው፤ ፋብዮስ የካዱትን ፈጽሞ መቀበል አይገባም ወደሚሉት ያዘነብል ነበርና። ክርክሩን በጥቅስ ብዛት ከማካሄድ ይልቅ አንድ ሽማግሌ፣ አንድ ልጅና አንዲት ጠብታ አቀረበለት።

ሁለተኛው ማዕበል የዲዮቅልጥያኖስ ነው። በየካቲት 303 የወጣው ዐዋጅ አብያተ ክርስቲያናት እንዲፈርሱና ቅዱሳት መጻሕፍት እንዲቃጠሉ አዘዘ። በዚህ ጊዜ አዲስ ዓይነት ከሐዲ ተፈጠረ፦ መጽሐፍ አስረካቢው። በኑሚድያ በምትገኘው በቂርታ (ዛሬ በአልጄርያ ቆስጠንጢና በምትባለው ከተማ) በግንቦት 19 ቀን 303 የተደረገው ፍተሻ ቃለ ጉባኤው ተርፏል። የከተማዋ ሹም ጳጳሱ ጳውሎስና ካህናቱ ወዳሉበት ቤት ገብቶ መጻሕፍቱን አምጡ አለ። ጳጳሱ መጻሕፍቱ ያሉት አንባቢዎቹ ዘንድ ነው ብሎ መለሰ። ጸሐፊው የተገኘውን ሁሉ መዘገበ፦ 2 የወርቅ ጽዋ፣ 6 የብር ጽዋ፣ መብራቶች፣ ለድኻ የሚታደል ሳይሆን የማይቀር 82 የሴት ቀሚስ፣ 13 ጥንድ የወንድና 47 ጥንድ የሴት ጫማ። ከመጻሕፍት አንድ ትልቅ ጥራዝ ብቻ ወጣ። የአንባቢዎቹን ስም ንገሩ የተባሉ ሁለት ንፍቀ ዲያቆናት እኛ አሳልፈን አንሰጥም፣ ከፈለግህ ግደለን ብለው ታሰሩ። ወደ አንባቢዎቹ ቤት የሚወስድ ሌላ ሰው ግን አልጠፋም፤ ቤት ለቤት እየተዞረ ከአንዱ 4፣ ከሌላው 5፣ ከሌላው 8 ጥራዝ ተለቀመ።  የቅርጣግናው ጳጳስ መንሱርዮስ ደግሞ የመናፍቃንን መጻሕፍት በቅዱሳት ፈንታ አስቀምጦ እንዲወሰዱ ማድረጉን ተናግሯል፤ ብልጠቱን ያደነቁለት እንዳሉ ሁሉ ያላመኑትም ነበሩ።

እነዚህ አስረካቢዎች በላቲን የተጠሩበት ስም ከማስረከብ ግስ የወጣ ነው፤ ወንጌሉም ስለ ይሁዳ ሲናገር የሚጠቀመው ያንኑ ግስ ነው። አማርኛም ይሁዳ ጌታን አሳልፎ ሰጠ ይላል። መጽሐፍ አሳልፎ የሰጠና ጌታን አሳልፎ የሰጠ በአንድ ቃል ተጠሩ። የይሁዳ ነገር ከመጽሐፍ ገጽ ወጥቶ በየመንደሩ ሲዞር የታየው በዚህ ጊዜ ነው። በአማርኛችን ደግሞ ሁለት ተቀራራቢ ቃላት አሉ፦ ካደ እና ከዳ። ሐዋርያው ጴጥሮስ አላውቀውም ብሎ ካደ፤ ይሁዳ ወዳጁን ከዳ። በድምፅ ያን ያህል የተቀራረቡት እነዚህ ቃላት በዘመነ ሰማዕታት በአንድ ሰው ላይ ይገናኙ ነበር። ለጣዖት የሠዋ ሰው ጌታውን ካደ፤ ሲሠዋ ያላዘነለትን፣ ስሙን የጠቆመበትን ጎረቤቱን ደግሞ ከዳ።

የእስክንድርያው ጴጥሮስ በዚህ መካከል ነው ብዕር ያነሣው። በ300 ገደማ ተሾመ፤ ስደቱ ከተጀመረ አራተኛው ፋሲካ ሲደርስ፣ በ306፣ የወደቁት እንዴት እንደሚመለሱ የሚደነግግ ደብዳቤ ጻፈ። ደብዳቤው ደረቅ ነው፤ ዕንባም ስብከትም አያበዛም። ነገር ግን በዚያ ዘመን ከተጻፉት ሁሉ ሰውን በዚህን ያህል የተመለከተ ጽሑፍ ማግኘት ይከብዳል። ተይዞ፣ ተገርፎ፣ ሥጋው አልችል ብሎት የወደቀ ሰው ሦስት ዓመት አልቅሷልና 40 ቀን ጾም ይጨመርበትና ይግባ። ሳይገረፍ የእስር ቤቱን ሽታና ጨለማ ብቻ ፈርቶ የወደቀ አንድ ዓመት ይጨመርበት። ምንም ሳይነካው ከሩቅ ፈርቶ የሮጠ ግን የበለሲቱን ምሳሌ ያስብ፤ 4 ዓመት። ያበደ መስሎ ወይም ሌላ ሰው በስሙ አስፈርሞ ያመለጠ 6 ወር። ቀጥሎ ያለው ከሁሉ ይበልጥ የሚያስደንቀኝ ነው። በራሳቸው ፈንታ ባሪያቸውን ልከው ያሠዉ ጌቶች ነበሩ። ባሪያው አንድ ዓመት፤ ጌታው ሦስት ዓመት። የሮም ሕግ ባሪያን እንደ ዕቃ በሚቆጥርበት ዘመን ይህ ጳጳስ ባሪያው ኃላፊነት የሚሸከም ነፍስ መሆኑን አወቀለት፤ በላኪው ላይ ግን ሦስት እጥፍ ጫነ። እጁ በግድ ተይዞ ዕጣን እንዲያጨስ የተደረገ፣ አፉ ተፈልቅቆ የመሥዋዕት መጠጥ የፈሰሰበት ከከሐዲ አይቆጠርም፤ ከመስካሪዎች ነው። ወድቆ ከዚያ ተመልሶ የታገለውን ወዲያው ይቀበሉት። ገንዘብ ከፍሎ የዳነ አይወቀስ፤ የሸሸም አይወቀስ።

የመጨረሻው አንቀጽ ላይ ተቺ ፈገግ ሊል ይችላል፤ ጴጥሮስ ራሱ ከሸሹት አንዱ ነበርና። ዲዮናስዮስም፣ የቅርጣግናው ቆጵርያኖስም በዳክዮስ ዘመን ተሸሽገዋል። ሸሽተው የጻፉት ሕግ ሸሺን ነጻ ያወጣል ቢባል ሐሰት አይደለም። ነገር ግን ቆጵርያኖስ በ258 አንገቱን ሰጠ፤ ጴጥሮስም በኅዳር 311 በሰይፍ ተመተረ። የኛ ስንክሳር ኅዳር 29 ቀን ተፍጻሜተ ሰማዕት እያለ ያስበዋል። ለወደቁት የራራው ሰው ራሱ ሲቆም አልወደቀም፤ ስለዚህ ርኅራኄውን የፈሪ ሰበብ ማድረግ አይቻልም።

እዚህ ላይ አማርኛ ያስቀመጠልን አንድ ቃል አለ፦ ቀኖና። ቃሉ ግሪክ ነው፤ መለኪያ በትር፣ ሕግ ማለት ነው። በእኛ ዘንድ ቀኖና ሁለት ነገር ነው፦ የቤተ ክርስቲያን ሕግ፣ ደግሞም የንስሐ አባት ለተናዛዡ የሚሰጠው ጾምና ስግደት። ቀኖና ገባ፣ ቀኖና ተቀበለ፣ ቀኖናውን ጨረሰ ይባላል። ሁለቱ ትርጉሞች ለምን በአንድ ቃል እንደገቡ የሚጠይቅ ቢኖር መልሱ የጴጥሮስ ደብዳቤ ዓይነት ጽሑፍ ነው። ከቀደሙት የቤተ ክርስቲያን ሕግጋት ብዙዎቹ የንስሐ ዘመን ልኬቶች ነበሩ፤ ሕጉ ራሱ የመመለሻው መንገድ ርዝመት ነበር። ደግሞም ረቡዕ የምክሩ ቀን ነው ያለው ቃል ከፋሲካ ጽሑፉ ተወስዶ በሕግ መጻሕፍት ውስጥ 15ኛ ቀኖና ሆኖ የተጻፈው ከእነዚያ 14 የተመላሾች አንቀጾች ቀጥሎ ነው። የአቀናባሪዎች ሥራ ነው፤ ጴጥሮስ ራሱ አንድ ላይ አልጻፋቸውም፤ አጋጣሚ ነው ቢባልም አልከራከርም። ያም ሆኖ ከጥንት ጀምሮ ደብዳቤውን የሚያነብ ካህን የከዱትን እንዴት እንደሚመልስ አንብቦ ሳይጨርስ የረቡዕን ምክንያት ያገኛል። ይሁዳ የሚታሰበው ለመመለስ መንገድ ከተበጀላቸው ሰዎች ቀጥሎ ነው።

በእነዚህ ሁሉ ላይ የጊዜው ብርቱ ተቃውሞ ተነሥቶ ነበር። የሊቆጶሊሱ (የዛሬው አስዩጥ) ጳጳስ መሊጦስ፣ ስደቱ ገና ሳያበቃ ስለ መመለስ ማውራት በእስር ቤት ያሉትን መክዳት ነው አለ። ኤጲፋንዮስ በኋላ እንደተረከው ጴጥሮስና መሊጦስ በአንድ እስር ቤት ሳሉ በዚሁ ነገር ተከራክረው ጴጥሮስ መጐናጸፊያውን በመካከል ዘርግቶ ከእኔ ጋር ያለ ወደዚህ፣ ከመሊጦስ ጋር ያለ ወደዚያ አለ፤ ብዙው ወደ መሊጦስ ሄደ። በአፍሪካም የዶናቱስ ወገኖች መጽሐፍ ባስረከበ ሰው እጅ የተሾመ ጳጳስ ጳጳስ አይደለም፣ የእርሱም ጥምቀት ጥምቀት አይደለም ብለው ተለዩ። የእነዚህን ሰዎች ክርክር ማቃለል አይገባም። ልጁ በሰይፍ የሞተበት አባት፣ ጎረቤቱ ሠውቶ ቤቱን አድኖ ከሦስት ዓመት በኋላ አጠገቡ ቆሞ ሲያስቀድስ ቢያይ ምን ይበል? የይቅርታን ዋጋ የሚከፍለው ብዙ ጊዜ ይቅር ባዩ ሳይሆን ሦስተኛ ሰው ነው፤ ያ ሰው ደግሞ ሰማዕቱ ነው፤ አስተያየቱን የሚጠይቀው የለም።

መልሱ በሁለት በኩል ነው። አንደኛ፣ መንገዱ ርካሽ አልነበረም። በ325 በኒቅያ የተሰበሰቡት አባቶች ያለ ግዳጅ የካዱትን በ11ኛው ቀኖና ሲዳኙ፣ 3 ዓመት ከሰሚዎች ጋር፣ 7 ዓመት ከሰጋጆች ጋር፣ 2 ዓመት ቁርባን ሳይቀበሉ ከምእመናን ጋር እንዲቆሙ ወሰኑ። 12 ዓመት ከቁርባን ርቆ መቆም በሕዝብ ፊት የሚፈጸም ነገር ነው፤ ያ ልጁ የሞተበት አባት በየሳምንቱ ያየዋል። ሁለተኛው መልስ ጠለቅ ይላል። ጸጋው በአስረካቢው እጅ ረከሰ ካልን የቤተ ክርስቲያን ሕይወት በካህኑ ንጽሕና ላይ ተንጠለጠለ ማለት ነው፤ የማንን ልብ ማን ያውቃል? በ314 በአርል የተሰበሰበው ጉባኤ በመንግሥት መዝገብ አስረካቢነቱ የተረጋገጠበት ካህን ከሹመቱ ይሻር፣ የሾማቸው ግን ሹመታቸው ይጽና አለ። አስረካቢው ይጠየቃል፤ በእጁ ያለፈው ስጦታ ግን ከእርሱ ይበልጣል። የዮሐንስ ወንጌል እግራቸው ከታጠቡት ይሁዳን አላወጣም። በጸሎተ ሐሙስ ሕጽበተ እግር የሚፈጸመው የ12 ሰው እግር የታጠበበትን ማዕድ ለማሰብ ነው፤ የ11 አይደለም።

ሌላው ተቃውሞ ከሌላ በኩል ይመጣል። ይሁዳ ባይኖር ስቅለት ባልኖረ፤ ስቅለት ባይኖር መዳን ባልኖረ፤ ታዲያ ይሁዳ ምን በደለ? ጥያቄው የዛሬ አይደለም። በ180 ገደማ ሄሬኔዎስ የይሁዳ ወንጌል የሚባል መጽሐፍ ያላቸው ወገኖች እንዳሉ ጽፎ ነበር፤ በዚያ ስም የሚጠራ የቅብጥ ጥራዝ ደግሞ በግብፅ ተገኝቶ በ2006 ታትሟል። ይሁዳ ምሥጢሩን ያወቀ ብቸኛ ደቀ መዝሙር ነው የሚለው ንባብ ከዚያ ወዲህ ዓለምን ዞሯል። መጽሐፉ በእርግጥ ያን ይላል ወይ በሚለው ሊቃውንት ገና ይከራከራሉ። ለእኛ ነገር የሚጠቅመው ይህ ነው፦ ክህደቱን ተልዕኮ ካደረግነው የሚቀበሉት ተመላሽ አይኖርም። ምንም አልጠፋምና የሚመለስ ነገር የለም። ሰራጵዮንን ሠዋህ እንጂ አልካድህም፣ የታዘዘልህ ነበር ብሎ ማጽናናት ይቻል ነበር፤ እርሱ ግን ያን አልለመነም።

ይልቅ የሚከብደው ማቴዎስ የጻፈው ነው። ይሁዳ ተጸጸተ፤ ንጹሕ ደም እንደሸጠ ተናዘዘ፤ ብሩን መለሰ። እነዚህ ሦስቱ በማንኛውም የንስሐ አባት ፊት የንስሐ ክፍሎች ናቸው። ታዲያ ሐዋርያው ጴጥሮስ አልቅሶ ሲመለስ ይሁዳ ለምን ጠፋ? እስክንድርያዊው አርጌንስ በማቴዎስ ትርጓሜው፣ ምናልባት ይሁዳ ከጌታው ቀድሞ ወደ ሙታን ስፍራ ወርዶ በዚያ ሊገናኘውና ምሕረት ሊለምነው አስቦ ይሆናል ብሎ ነበር። ግምቱን ቤተ ክርስቲያን አልተቀበለችውም፤ እኔም ማስረጃ አላየሁበትም። ለእኔ የሚታየኝ ልዩነት ሌላ ነው። ይሁዳ የተናዘዘው ለገዢዎቹ ነው፤ ያ የአንተ ጉዳይ ነው ብለው መለሱት። ቀኖና የሚሰጠው አላገኘም፤ የገዛ ዳኛው ራሱ ሆነ፣ ፍርዱንም ራሱ ፈጸመ። ሐዋርያው ጴጥሮስ ግን አልቅሶ ወደ ወንድሞቹ ተቀላቀለ፤ በትንሣኤ ማለዳ በመካከላቸው ነበር። የመመለስ ልኩ የእንባ ብዛት ብቻ ቢሆን ሁለቱን መለየት ያስቸግር ነበር። 

የረቡዕን ምክንያት በተመለከተ ሳይነገር ማለፍ የማይገባ ሌላ ነገር አለ። የአይሁድ ምክር የሚለው ስያሜ በአውሮፓ ታሪክ ብዙ ክፋት አገልግሏል። በሰሙነ ሕማማት አይሁድ ላይ ጥቃት የተነሣባቸው ከተሞች ነበሩ፤ የይሁዳን ምስል ሠርቶ ማቃጠል በግሪክና በላቲን አሜሪካ አገሮች እስከ ዛሬ ይታያል። የእስክንድርያው ጴጥሮስ ራሱ አይሁድን ይጠቅሳል፤ መካድ አይቻልም። ነገር ግን ልማዱ ወደ ውጭ በዞረ ቁጥር መነሻውን አጥቷል። ከሐዲ ከማዕድ የተነሣ ሰው ነው፤ ካልቀረበህ ሊከዳህ አይችልም፤ ምልክቱም ስድብ ሳይሆን መሳም ነበር። በኢትዮጵያ በሰሙነ ሕማማት የሚደረገው ይህንን የያዘ ይመስለኛል። መስቀል አይሳለሙም፤ እርስ በርስ አይሳሳሙም፤ ካህኑም ይፍታህ አይልም። ሊቃውንቱ አንዱን ምክንያት ከአዳም እስከ ክርስቶስ ያለፉት 5500 ዓመተ ፍዳ ናቸው ይላሉ፤ ሁለተኛው የይሁዳ መሳም ነው። ሁለተኛውን ከያዝን የሚቀጣው የጠላት ምስል አይደለም፤ የገዛ ከንፈር ነው። ሰላምታዬ እውነት ነበር ወይ የሚለው ጥያቄ አምስት ቀን ያህል በየደጁ ይቆያል።

በዚያው ሳምንት የሚነበበው መጽሐፈ ዶርሆ ደግሞ ለይሁዳ ምስክር የሚያቆምለት ዶሮ ነው። ተሠርቶ በማዕድ ላይ የቀረበውን ዶሮ ጌታ አስነሥቶ ይሁዳን እንዲከተል ይልከዋል፤ ዶሮውም የሰማውን ሁሉ ተመልሶ ይናገራል። ሐዋርያው ጴጥሮስን ያስለቀሰው የዶሮ ጩኸት ነውና፣ የሁለቱ ከሐዲዎች ነገር በአንድ ወፍ ጉሮሮ መገናኘቱ የአጋጣሚ አይመስልም። የስቅለት ዕለት ማታ፣ ስግደቱ ሲያልቅ ካህናቱ የምእመናኑን ጀርባ በወይራ ቅጠል እየነኩ ተጨማሪ ስግደት ይሰጣሉ፤ አጭር ቀኖና ነው። ፍትሐ ነገሥትም ስለ ጾም በሚናገርበት በ15ኛው አንቀጽ ረቡዕንና ዓርብን ይደነግጋል። የኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን የካዱትን ለመመለስም የራሷ መጽሐፍ አላት፤ መጽሐፈ ቄደር። በ16ኛው ክፍለ ዘመን በኢማም አሕመድ ጦርነት ብዙ ሰው በግድ ሃይማኖቱን ቀይሮ ነበርና ተመላሽን መቀበል የሩቅ ታሪክ አልነበረም። ሕዝቡ ቄደር ተጠመቀ ቢልም ሥርዓቱ ሁለተኛ ጥምቀት አይደለም፤ ጸሎተ ሃይማኖት አንዲት ጥምቀት ይላልና። ዶናቱሳውያን የተመለሰውን ዳግመኛ ያጠምቁ ነበር። ቄደር ግን ጸሎት በተደገመበት ውሃ ያነጻዋል፤ መጀመሪያ ልጅ የሆነበትን ቀን አይሽርበትም።

የመሊጦስ ወገኖችም መጨረሻቸው በኒቅያ ሆነ። ጉባኤው መሊጦስ ራሱ በከተማው በስም ብቻ ጳጳስ ሆኖ እንዲኖር፣ ማንንም እንዳይሾም ወሰነ። እርሱ የሾማቸው ግን እንደገና እጅ ተጭኖባቸው፣ ማዕረጋቸውን ይዘው፣ በእስክንድርያው ሊቀ ጳጳስ በእለእስክንድሮስ ከተሾሙት በታች ሆነው እንዲቀመጡ ፈቀደ። ተመላሽን መቀበል ገና አይገባም ያሉት ሰዎች እነሆ ተመላሽ ሆነው ተቀባይነት አገኙ፤ ቀኖናቸውም ሁለተኛ ወንበር ላይ መቀመጥ ነበር። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ፍሬምናጦስ ለአክሱም ጳጳስ ሊያስሾም ወደ እስክንድርያ ሲወርድ፣ ራሱ ተሹሞ እንዲመለስ ያደረገው አትናቴዎስ የተቀመጠው በዚያው በሰማዕቱ በጴጥሮስ ወንበር ላይ ነበር። ከእርሱ ጋር ያልታረቁ የመሊጦስ ሰዎች ያን ጊዜም አልጠፉም።